ሥራችሁን ደብቃችሁ አትማሩትም፦ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ያለፍኩበት የድህረ ምረቃ ሥልጠና

ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን የድህረ ምረቃ ትምህርት ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ወይም ጀምራችሁ መንገድ ላይ ጉልበታችሁ የከዳችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔ ሥልጠናውን ጨርሼ አሁን በሙያው እየሠራሁ እገኛለሁ። ከመግባቴ በፊት ስለ ኮርሶቹ፣ ስለ መግቢያ ፈተናውና ስለ መመረቂያ ጽሑፉ የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ሳይሰስቱ ነግረውኛል፤ ዋናውን ፈተና ግን አንዳቸውም አላነሱልኝም። የንባቡ ብዛት ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ንባብን ሌሊት ነቅቶ መወጣት ይቻላል። ሌሊት ነቅታችሁ የማትወጡት፣ ገና ያልበሰለ ሥራችሁን በየሳምንቱ ከእናንተ የተሻለ ልምድ ባለው ሰው ፊት ዘርግታችሁ የማሳየቱን ግዴታ ነው። ከዚህ ግዴታ የሸሸ ሰው ዲግሪውን ሊያገኝ ይችላል፤ ሙያውን ግን አያገኘውም ብዬ አምናለሁ። የማነሳቸው ተገልጋዮች ታሪክ ማንነታቸው እንዳይታወቅ ተደርጎ የተለወጠ መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት የምትገቡበትን ነገር አጣሩ። ሳይካትሪስት አስቀድሞ የሕክምና ዶክተር የሆነና መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ሲሆን፣ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ግን መነሻው የሥነ ልቦና ትምህርት ሆኖ በምዘና፣ በንግግር ሕክምናና በምርምር የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ በአብዛኞቹ አገሮችም መድኃኒት አያዝም። የሥልጠናው ርዝመት ከአገር አገር ይለያያል። በብሪታንያ የሦስት ዓመት የዶክትሬት ሥልጠና ነው፤ በአሜሪካ ዶክትሬቱ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ኢንተርንሺፕ ተጨምሮበት ብዙውን ጊዜ ከአምስት ዓመት ያላነሰ ጊዜ ይፈልጋል፤ በሌሎች ብዙ አገሮች ደግሞ በሁለተኛ ዲግሪ ላይ በክትትል የሚሠራበት የልምምድ ጊዜ ተጨምሮ የሥራ ፈቃድ ይገኝበታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ይህ ዲግሪ ልሠራ በማስብበት አገር ፈቃድ ያሰጣል ወይ?» የሚል ይሁን። ሁለተኛው ጥያቄ የተግባር ልምምዱን ማን እንደሚከታተልና በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚከታተል ነው። የዩኒቨርሲቲውን ዝና ሁሉም ይጠይቃል፤ ይህን ግን የሚጠይቅ አመልካች ጥቂት ነው፤ መልሱ ግን ከዝናው ይልቅ ስለ ፕሮግራሙ ብዙ ይናገራል። ከተቻለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችን አግኝታችሁ ጠይቋቸው፤ እነሱ አያለባብሱም።

ብዙ ጊዜ ተማሪዎች «እኔ ሰው መርዳት እንጂ ተመራማሪ መሆን አልፈልግም፣ ይህ ሁሉ ስታቲስቲክስ ምን ያደርግልኛል?» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም ብዬዋለሁ። መልሱ በሙያው ታሪክ ውስጥ አለ። ላይትነር ዊትመር በ1896 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የሥነ ልቦና ክሊኒክ ሲከፍት ዓላማው በቤተ ሙከራ የተገኘውን ዕውቀት ትምህርት ላቃታቸው ልጆች መጠቀሚያ ማድረግ ነበር። በ1949 ደግሞ በአሜሪካ ቦልደር ከተማ በተደረገው ጉባኤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ተመራማሪም ባለሙያም ሆኖ መሠልጠን አለበት የሚለው አቋም ጸደቀ፤ እስከ ዛሬም የብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሥርዓተ ትምህርት የሚቀዳው ከዚያ ነው። ይህን ማወቄ የስታቲስቲክስ ክፍለ ጊዜውን ባያጣፍጠውም ለምን እዚያ እንደተቀመጥኩ አስረድቶኛል።

በመግቢያው ቃለ መጠይቅ «ለምን ይህን ሙያ መረጥሽ?» መባሌ አልቀረም። ብዙዎቻችን ወደዚህ ትምህርት የምንመጣው በራሳችን ወይም በቤተሰባችን ከደረሰ ሕመም ተነሥተን ነው፤ ይህ የሚያሳፍር አይደለም፤ ጠያቂዎቹም ያውቁታል። የሚመዝኑት ታሪኩን አይደለም፤ ከታሪኩ ጋር ያላችሁን ርቀት ነው። ስለ ሕመማችሁ እየተናገራችሁ ቁስሉ ገና እንዳልጠገገ ከታየ፣ ነገ ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ሰው ፊታችሁ ሲቀመጥ ማን ማንን እንደሚያክም ይጠራጠራሉ። የምመክራችሁ፣ የግል ታሪካችሁን ካነሳችሁ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሳችሁ፣ ከዚያ ምን እንዳነበባችሁ፣ የት በበጎ ፈቃድ እንደሠራችሁና ምን እንደከበዳችሁ ወደ መናገር እንድታልፉ ነው።

የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ስለ አእምሮ ሕመሞች ዓይነትና አመዳደብ የሚያስተምር ነበር። ዲኤስኤም የሚባለውን የአሜሪካ ሳይካትሪ ማኅበር መመሪያና የዓለም ጤና ድርጅትን አይሲዲ-11 በየገጹ ስታጠኑ፣ በየገጹ ራሳችሁን ታገኛላችሁ፤ ሰኞ ጭንቀት፣ ረቡዕ ባይፖላር፣ ዓርብ ደግሞ የሆነ የስብዕና መዛባት ያለባችሁ ይመስላችኋል። ያልፋል፤ አትጨነቁበት። ከዚህ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው፣ ምልክት መቁጠር ብቻውን ምርመራ አለመሆኑን ነው። ለምሳሌ ከባድ ድባቴ ለመባል ከዘጠኙ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት መታየት አለባቸው፤ ከአምስቱም አንዱ የከፋ ስሜት ወይም ቀድሞ በሚያስደስት ነገር ደስታ ማጣት መሆን ይኖርበታል። ነገር ግን እነዚያ ምልክቶች የታይሮይድ ዕጢ በበቂ ሁኔታ ባለመሥራቱ ሊመጡ ይችላሉ፤ ወይም ቀደም ሲል ማንም ያልጠየቀው የማኒያ (ከልክ ያለፈ የደስታና የጉልበት) ወቅት ኖሮ ሕመሙ ባይፖላር ሊሆን ይችላል። «ከዚህ በፊት እንቅልፍ ሳያስፈልግዎት ለቀናት ከወትሮው የተለየ ጉልበትና ደስታ ተሰምቶዎት ያውቃል?» የሚለውን ጥያቄ ድባቴ አለብኝ ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መጠየቅን ልማድ አድርጉት።

ቀጥሎ የመጣው የምዘና ኮርስ ነው፤ ትዕግሥቴን የፈተነውም እሱ ነው። በዌክስለር የማሰብ ችሎታ መመዘኛዎች ውስጥ ተመዛኙ ቀይና ነጭ ገጽ ያላቸውን ትንንሽ ኩቦች ገጣጥሞ በሥዕል የተሰጠውን ቅርጽ እንዲሠራ የሚጠየቅበት ክፍል አለ። እናንተ በአንድ እጃችሁ ሰዓት መቁጠሪያ ይዛችሁ፣ በሌላው ትመዘግባላችሁ፣ መመሪያውን ከመጽሐፉ ቃል በቃል ታነባላችሁ፣ ፊታችሁም ምንም እንዳይናገር ትጠነቀቃላችሁ። ከክፍል ጓደኛዬ ጋር ስንለማመድ አንዷ ኩብ ብቻ ቀርታው ሰዓቱ ሲያልቅ፣ አፌ ሳላዝዘው «ጎሽ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» አለ። መምህራችን ከኋላ ቆመው ነበር። «አሁን ያገኘሽውን ውጤት ከማን ጋር ልታነጻጽሪው ነው? የንጽጽር መደቡ የተሠራባቸው ሰዎች እኮ አልተበረታቱም» አሉኝ። የእነዚህ መመዘኛዎች አማካይ 100፣ መደበኛ ልይይቱ (ውጤቶች ከአማካዩ የሚርቁበት መጠን) ደግሞ 15 ሆኖ የተቀመጠው ሁሉም ሰው በአንድ ዓይነት አኳኋን ተፈትኗል በሚል መሠረት ላይ ነው። በዚሁ ምክንያት መመዘኛው የእናንተን ተመዛኝ በሚመስሉ ሰዎች ላይ መደበኛ ተደርጎ ካልተዘጋጀ፣ ቁጥሩን በሪፖርታችሁ ላይ ስትጽፉ ጥንቃቄያችሁን አብራችሁ ጻፉ። ድምሩንም ሁለት ጊዜ ደምሩ፤ በተማሪ ምዘና የሚገኘው አብዛኛው ስህተት ከመደመርና ከሠንጠረዥ ንባብ የሚመጣ ነው።

ወደ ተግባር ልምምድ ስወጣ ከመጀመሪያው ተገልጋይ ጋር የነበረኝን ቆይታ ለመተረክ ብዙ የሚያስገርም ነገር የለውም፤ ሁላችንም እንፈራለን፤ ወረቀታችንን አጥብቀን ይዘን የተዘጋጁ ጥያቄዎችን እንደረድራለን። የሥልጠናዬ አቅጣጫ የተለወጠው ከዚያ በኋላ በሱፐርቪዥን፣ ማለትም ልምድ ያለው ባለሙያ (ሱፐርቪዘር) የሠልጣኙን ሥራ በየሳምንቱ አብሮ በሚያይበት ክፍል ውስጥ ነው።

በፕሮግራማችን ተገልጋዩ በጽሑፍ ሲፈቅድ ቆይታው በድምፅ ይቀረጽና ሱፐርቪዘራችን ያዳምጡታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይዤ የምገባው ጥሩ የሄደልኝን ክፍል ነበር፤ ተገልጋዩ «ገባኝ፣ ቀለል አለኝ» ያለበትን፣ እኔም ብልህ ጥያቄ የጠየቅሁበትን። ይህ የእኔ ብቻ አመል አለመሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ በ1996 የታተመ ስለ ሠልጣኝ ቴራፒስቶች የተደረገ ጥናት ከሞላ ጎደል ሁሉም ሠልጣኞች ከሱፐርቪዘራቸው የሚደብቁት ነገር እንዳለ አሳይቷል። ሱፐርቪዘሬ ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። አንድ ቀን ያዘጋጀሁትን ደቂቃ ትተው ቅጂውን ከመሐል ከፈቱት። ልጃቸው የሞተባቸው አንድ አባት ነበሩ። «አልጋው እስካሁን እንደተነጠፈ ነው፣ እናቱ አታስነካም…» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ የእኔ ድምፅ ተሰማ፦ «በሌሊት ስንት ሰዓት ያህል ይተኛሉ?»

ሱፐርቪዘሬ አቆሙት። «ሰውየው ስለ ልጃቸው አልጋ እያወሩ ነው። አንቺ ለምን ወደ እንቅልፍ ወሰድሻቸው?» አሉኝ።

«የድባቴ ምልክቶችን እያጣራሁ ነበር» አልኩ።

«እሱን ሰምቻለሁ። የምጠይቅሽ አንቺ በዚያች ደቂቃ ምን እንደሆንሽ ነው።»

ለመመለስ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ፣ የሰውየው ዝምታ ሊያስለቅሰኝ እንደነበረና እንዳላለቅስ ወደ ጥያቄ ወረቀቴ እንደሸሸሁ ተናገርኩ። አልገሠጹኝም። «እንግዲህ ይህ ነው የምንሠራበት» ብለው ወንበራቸውን አስጠጉ፤ ቀሪውን ሰዓት ዝምታን እንዴት መቆየት እንደሚቻል፣ ሰው ወደ ሐዘኑ ሲገባ አብሮ ለመግባት ምን ዓይነት አጭር ቃል እንደሚበቃ ስንለማመድ ቆየን። በሚቀጥለው ቆይታ አባትየው ስለ አልጋው እንደገና ሲያነሱ «ስለ አልጋው ይንገሩኝ» ብቻ አልኩ። ረጅም ጊዜ ተናገሩ። ስለ እንቅልፋቸው የፈለግሁትን መረጃ እንኳ ሳልጠይቅ ከዚያው አገኘሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሱፐርቪዥን የምገባበትን መንገድ ለወጥሁ፤ እናንተም ከመጀመሪያው ሳምንት ብትይዙት የሚጠቅም ይመስለኛል። ከቅጂው ውስጥ ከሁሉ የከበደኝን አምስት ወይም አሥር ደቂቃ እመርጣለሁ፤ የሚጀምርበትን ደቂቃና ሰከንድ እጽፋለሁ፤ ከጎኑ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀምጣለሁ። «ኬዙ እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም፤ «እዚህ ላይ ርዕስ የለወጥሁት ለተገልጋዩ ብዬ ነው ወይስ ለራሴ?» የሚለው ግን አለው። የተባልኩትን ወዲያው እጽፍና በሚቀጥለው ሳምንት ስገባ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ለተገልጋይ ያላችሁን ስሜት፣ ማለትም ቁጣን፣ መሰልቸትን፣ ከልክ ያለፈ መራራትን፣ እንደ ነውር አትቁጠሩት። ፍሮይድ በ1910 ይህን ክስተት ካውንተር ትራንስፈረንስ ብሎ ሲያነሳው እንደ እንቅፋት ነበር ያየው፤ የኋለኞቹ ግን ስለ ተገልጋዩ ግንኙነቶች የሚጠቁም መረጃ አድርገው መጠቀም ጀምረዋል። መረጃ የሚሆነው ግን ስትናገሩት ነው።

ሁሉም ሱፐርቪዘር እንደዚህ ይሆናል አልልም። በሌላ የልምምድ ቦታ የተመደቡልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይገኙም ነበር፤ ሲገኙም ፋይሉን ሳያነቡ ይፈርማሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ዝም ብላችሁ ሴሚስተሩ እስኪያልቅ አትጠብቁ። መጀመሪያ ለራሳቸው በአክብሮት በጽሑፍ ጠይቁ፣ የተሰረዙትን ቀጠሮዎች ቀን መዝግቡ፣ ካልተስተካከለ ወደ ፕሮግራሙ አስተባባሪ ሂዱ። ይህን ማድረግ ሰው መክሰስ አይደለም፤ ክትትል የሌለው ሠልጣኝ ፊት የተቀመጠው ተገልጋይ ነው የሚጎዳው። እኔ ሌላ ሱፐርቪዘር ተመድቦልኝ ልምምዱን ጨርሻለሁ፤ ማንም አልተቀየመኝም።

በሥልጠናው ሁለተኛ ምዕራፍ ከበድ ያለኝና በኋላም ከሁሉ የወደድኩት ኬዝ ፎርሙሌሽን ነው። ምርመራ ሕመሙን ስም ይሰጠዋል፤ ፎርሙሌሽን ግን ይህ ሰው ለምን በዚህ ሕመም፣ ለምን አሁን፣ ምንስ እንዳይድን አደረገው ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ ይሞክራል። አምስት ነገር ይጠየቃል፦ አሁን የታየው ችግር፣ አስቀድሞ ያጋለጠው፣ የቀሰቀሰው፣ ያቆየውና የሚጠብቀው። ከአምስቱ ሕክምናው የሚያርፈው በአብዛኛው በአራተኛው ላይ መሆኑን ቶሎ ብትረዱ ብዙ ድካም ትቆጥባላችሁ። ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ያለበትን ሰው ውሰዱ። ዴቪድ ክላርክ በ1986 ባወጣው ሞዴል መሠረት ሰውየው የልቡን ምት መፍጠን «ልቤ ሊቆም ነው» ብሎ ይረዳዋል፤ ይህ ሐሳብ ፍርሃቱን ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ የልብ ምቱን ያፈጥነዋል። ከዚያ በኋላ ብቻውን አይወጣም፣ ደረጃ አይወጣም፣ ሁልጊዜ ውኃ ይይዛል፤ እነዚህ ጥንቃቄዎችም «ያልሞትኩት ስለተጠነቀቅሁ ነው» የሚለውን እምነት ያጸኑለታል። መነሻው የልጅነት ገጠመኝ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ያቆየው ግን ጥንቃቄው ነው።

መምህራችን ይህን በወረቀት ብቻ እንድንማር አልፈለጉም። ተገልጋይን በፈቃዱ ፈጥኖ እንዲተነፍስ ከመጠየቃችን በፊት ራሳችን በክፍል ፊት ቆመን ለአንድ ደቂቃ ያህል በፍጥነትና በጥልቀት እንድንተነፍስ አደረጉን። ከንፈሬን ዙሪያውን ነዘረኝ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ወለሉ የራቀ መሰለኝ፤ ምን እየሆነ እንደሆነ አውቄ እንኳ አንዲት የፍርሃት ሐሳብ ሽው አለች። ለተገልጋይ የምትሰጡትን ልምምድ ሁሉ አስቀድማችሁ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት፤ የሐሳብ መመዝገቢያውንም፣ የእንቅስቃሴ ዕቅዱንም። ለሁለት ሳምንት የሐሳብ መመዝገቢያ ለመሙላት ያቃተው ሠልጣኝ፣ ተገልጋዩ ሳይሞላ ሲመጣ ግንባሩን አይቋጥርም። በልብ ሕመም፣ በአስም ወይም በሚጥል በሽታ ለተያዘ ሰው ግን ይህን የአተነፋፈስ ልምምድ ያለ ሐኪም ምክር አትስጡ።

ተማሪዎች ስለ ቴራፒ ዓይነቶች ሲከራከሩ ውለው ያድራሉ፤ በአሁን ሐሳብና ባህሪ ላይ የሚሠራው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይሻላል ወይስ የተደበቀ ስሜትንና ያለፈ ግንኙነትን የሚመረምረው ሳይኮዳይናሚክ? ክርክሩ ለሻይ ሰዓት ደግ ነው። ከልምዴ የምለው ግን አንዱን መርጣችሁ በደንብ ተማሩት፤ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ የቀመሰ ሠልጣኝ ኬዙ ሲወሳሰብበት ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 የሥራ ትብብር ብሎ ያስቀመጣቸው ሦስት ነገሮች፣ በግብ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማትና መተማመን፣ በየትኛውም ዘዴ ውስጥ ያስፈልጋሉ። ይህ ማለት ዘዴ ለውጥ አያመጣም ማለት አይደለም፤ ኦሲዲ (የማይፈለግ ሐሳብ እየተመላለሰ አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ ሕመም) ያለበትን ሰው በርኅራኄ ብቻ እያዳመጡ መክረም፣ የተፈተነውን፣ የሚፈራውን ነገር የመጋፈጥ ሕክምና እንደ መንፈግ ነው። ለውጥ መኖሩንም በግምት አትናገሩ። እንደ ፒኤችኪው-9 ያለ አጭር የድባቴ መጠይቅ በየቆይታው መጀመሪያ ማስሞላት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ከ0 እስከ 27 የሚሄድ ነጥብ አለው፤ ቁጥሩ ለሳምንታት ሳይነቃነቅ ሲቀር እኔና ተገልጋዩ «ጥሩ እየሄድን ነው» እያልን ራሳችንን ስናታልል እንደነበር ያጋለጠኝ ጊዜ አለ።

የዚህ መጠይቅ ዘጠነኛ ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ የሚጠይቅ ነው። ነጥቡን ደምራችሁ ፋይል ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ይህን መስመር ለብቻው አንብቡት። ዜሮ ካልሆነ፣ በግልጽ ቃል ጠይቁ፦ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» መጠየቅ ሐሳቡን ይፈጥራል የሚለው ስጋት በጥናት አልተደገፈም፤ የጠየቅኋቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሲጠየቁ የተነፈሱ ያህል ነበር። ዕቅድ አለ ወይ፣ የሚጠቀምበት ነገር በእጁ አለ ወይ፣ ከዚህ በፊት ሞክሯል ወይ ብላችሁ ቀጥሉ። ለሠልጣኝ አንድ የማይሻር ሕግ አለ፤ ተገልጋዩ ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ለሱፐርቪዘር ደውሉ። ስለደወለ የተናቀ ሠልጣኝ አላየሁም። ምስጢር መጠበቅ በሕይወት ላይ አደጋ ሲደቀን ወሰን እንዳለው በመጀመሪያው ቆይታ ካስረዳችሁ፣ ያን ቀን ቤተሰብ ለመጥራት ስትገደዱ ተገልጋዩ አይደነግጥም። አብራችሁ የምታዘጋጁት የደኅንነት ዕቅድም በጽሑፍ ይሁንና ከእሱ ጋር ይሂድ፤ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ፣ ብቻውን ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች፣ የሚደውልላቸው ሰዎች፣ የሚሄድበት የሕክምና ተቋም፣ ከአጠገቡ የሚርቀው አደገኛ ነገር ይጻፉበት።

የመመረቂያ ጽሑፍን በተመለከተ አጭር ምክር አለኝ፦ ርዕሳችሁን አጥብቡ፤ ከዚያም እንደገና አጥብቡ። በክሊኒክ ውስጥ ተሳታፊ ማግኘት በወረቀት ላይ እንደሚታየው አይደለም፤ በሳምንት ይመጣሉ የተባሉት ታካሚዎች ጥናት ስትጀምሩ የሚሰወሩ ይመስላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከቻችሁን ቢያንስ አንድ ጊዜ አስተካክሉ ብሎ ይመልሰዋል ብላችሁ ጊዜ ያዙለት። የናሙና መጠናችሁን መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት አስሉ፤ ከሰበሰባችሁ በኋላ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ዘንድ መሄድ ቤት ከተሠራ በኋላ መሠረቱ የት ይሁን ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ስለ ራሳችሁ ጤንነት ደግሞ ከሁሉ ዘግይቼ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የድካም ምልክት እንቅልፍ ማጣትና ማልቀስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ክሪስቲና ማስላክ ስለ ሥራ መታከት ባደረገችው ጥናት ከስሜት መዛል በተጨማሪ ለሰዎች መደንዘዝንና በሥራ ውጤት አለመርካትን ትጠቅሳለች። እኔ ያወቅሁት ተገልጋዮች ቀጠሮ ሲሰርዙ ደስ እያለኝ መሆኑን ስታዘብ ነው። ይህንንም ወደ ሱፐርቪዥን ይዤው ገባሁ፤ የኬዞቼ አመዳደብ ተለወጠ፤ ከባድ የአደጋና የጥቃት ታሪክ ያላቸው ሁለት ተገልጋዮች በተከታታይ እንዳይመጡ ተደረገ፤ በመሐል ማስታወሻ የምጽፍበትና የምራመድበት ጊዜ ተሰጠኝ። እኔም በራሴ ወጪ ቴራፒ ጀመርኩ፤ በተገልጋይ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቴራፒስትን ዝምታ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚረዝም ያየሁት እዚያ ነው። ዘመድና ጓደኛ «እስቲ አንቺ አናግሪው» ማለት ሲጀምሩ ደግሞ ከመጀመሪያው እምቢ ማለትን ልመዱ። እንደ ዘመድ አዳምጡ፤ ለሕክምናው ግን ሌላ ባለሙያ ጠቁሙ።

ኮርሶቹ እምብዛም የማያስተምሩት አንድ ነገር የልምምድ ጊዜ ሲያልቅ ተገልጋይን መሰናበት ነው። ሠልጣኝ በሰዓቱ ይሄዳል፤ የተገልጋዩ ችግር ግን የዩኒቨርሲቲን የቀን መቁጠሪያ አያውቅም። የምትሄዱበትን ወቅት ከመጀመሪያው ቆይታ ተናገሩ፣ በመሐል አስታውሱ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ደግሞ ስለ መለያየቱ ራሱ ተነጋገሩ። በልጅነቷ ብዙ ሰው ጥሏት የሄደ አንዲት ተገልጋይ በመጨረሻው ወር ሁለት ቀጠሮ ቀረችብኝ። ሱፐርቪዘሬ «ቀድማሽ እየሄደች ነው» ባይሉኝ ኖሮ ግድየለሽነት አድርጌ እመዘግበው ነበር። ደውዬ ይህንኑ በቀስታ ሳነሳላት መጣች፤ ተረካቢዋን ባለሙያም በእኔ ፊት ተዋወቀች።

በመጨረሻው ቃለ ፈተና ፈታኞቹ ያቀረብኩትን ኬዝ ሲጠይቁኝ ብዙው ጥያቄ ያተኮረው ሳይሳካልኝ በቀረው ክፍል ላይ ነበር። እያንዳንዱን ከሱፐርቪዘሬ ጋር ስለተነጋገርኩበት ለመመለስ አልተቸገርኩም፤ የተሳካለትን ብቻ ለቅሞ ያቀረበ ባልደረባዬ ግን «ታዲያ ምኑ ከበደህ?» ሲባል ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የፈቃድ ጉዳይ ስለሆነ የልምምድ ሰዓታችሁን መዝገብ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራችሁ ያዙ፤ ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ ያሳለፋችሁትን፣ ለምዘና የዋለውንና በሱፐርቪዥን ያሳለፋችሁትን ሰዓት ለየብቻ ጻፉ፤ የተገልጋይ ስም በፍጹም አይግባበት። ፊርማውን በየወሩ መጨረሻ አስፈርሙ፣ ቅጂውንም በሌላ ቦታ አስቀምጡ። ሱፐርቪዘሮች ሥራ ይቀይራሉ፣ ተቋማትም ፋይል ያጠፋሉ፤ ፈቃድ ሰጪው አካል ግን የሚቀበለው የተፈረመውን ወረቀት ብቻ ነው።